በለንደን የአጥቢያ መዝገቦች ውስጥ ጥቁሮችን እንዴት ላግኛቸው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮችን ከአጥቢያ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች እየለቀምኩ ነው። ፋሚሊሰርች (የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ በስም ስፈልግ ግን ማን ጥቁር እንደሆነ የሚለይ ነገር የለም። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ‹ኤቲዮፒያን› የሚል አገኘሁ፤ የአገራችን ሰው ይሆን? እህታችሁን እርዷት። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ብራና፦ ችግሩ ማውጫው ነው። ማውጫ የሚሠሩት ስም፣ ቀንና ወላጅ ይገለብጣሉ፤ ጸሐፊው ከስሙ ጎን ያሰፈረውን መግለጫ ይዘሉታል። ስለዚህ የገጹን ፎቶ ከፍተሽ መስመር በመስመር አንብቢ። ጥቁር ሰውን ለማመልከት ይጻፉ የነበሩ፣ ዓይንሽ የሚይዛቸው ቃላት ‹ኤ ብላክ›፣ ‹ኒግሮ›፣ ‹ብላካሙር›፣ ‹ሙር›፣ በላቲን ከሆነ ‹ኒገር› ናቸው። ‹ብላክ› ብቻውን የቤተሰብ ስምም ይሆናል፤ ከፊቱ ‹ኤ› መኖሩን እዪ። ‹ኤቲዮፒያን› ያኔ ለማንኛውም ጥቁር ይባል ነበር፤ ሌላ ማስረጃ ሳይኖርሽ ሐበሻ ብለሽ እንዳትመዘግቢ። ድካም እንዲቀንስልሽ የለንደን ቤተ መዛግብት ያዘጋጀውን ‹ስዊቺንግ ዘ ሌንስ› የተባለ የመረጃ ስብስብ ቀድመሽ ፈትሺ፤ ከ1561 እስከ 1840 ካሉ የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) መዝገቦች የተለቀመ ነው።

መዝገብ ቤት፦ ወላጅ ያልተጻፈበት፣ ዕድሜ የተጻፈበት ጥምቀት ሲያጋጥምሽ ቁሚ። የአገሬው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነቱ ነው የሚጠመቀው። በዌስትሚንስተር ሴንት ማርጋሬት መዝገብ ፌብሯሪ 9 ቀን 1759 ‹ጉስታቨስ ቫሳ፣ ካሮላይና የተወለደ ጥቁር፣ 12 ዓመት› ይላል። ይህ በባርነት ያሳለፈውን ሕይወት በመጽሐፍ የጻፈው ኦላውዳ ኢኩዊያኖ ነው፤ እሱ ራሱ ግን የተወለድኩት አፍሪካ፣ ኢግቦ ምድር ነው ብሎ ጽፏል። መዝገቡ የያዘው ያን ዕለት ለጸሐፊው የተነገረውን ነው፤ የትውልድ ቦታን ‹እንደ መዝገቡ› ብለሽ ጻፊ። ስምም ይለዋወጣል፤ ብዙዎች የጌታቸውን ስም ይዘዋል። ‹የእገሌ አገልጋይ› የሚል ካየሽ የእገሌን ኑዛዜ ፈልጊ። አገልጋይ ተባለ ማለት ነፃ ሰው ነበር ማለት አይደለም፤ መጠመቅም በሕግ ነፃ አያወጣም ነበር።

ዳዊት ደጋሚ፦ ቀኑን ተጠንቀቂ። ከ1752 በፊት የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ኖቬምበር 1730 የተጠመቀ ሕፃን ፌብሯሪ 1730 ተቀበረ የሚል ታገኚና ሌላ ልጅ ነው ብለሽ ትተዪዋለሽ። ያ ፌብሯሪ በዛሬው አቆጣጠር 1731 ነው፤ ‹1730/31› ብለሽ ያዢው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ገጹ የተበላሸ ቢሆንስ?

ብራና፦ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ የነበረውን ግልባጭ ጠይቂ፤ መግለጫውን ግን ሊዘለው ይችላል። ጋብቻ ከሆነ ከ1754 ወዲህ ያለው ሁለቱ ተጋቢዎችና ምስክሮች የፈረሙበት ነው፤ የምስክሮቹን ስም በሌሎች ገጾች ላይ ፈልጊ። ሰውየው ደኸይቶ ከነበረም አጥቢያው ለድሆች እርዳታ ሲል የያዘውን የምርመራ ቃል እዪ፤ የት እንደተወለደና ማን ቤት እንዳገለገለ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።