በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ዘና ያለ የመርከብ ጉዞ፦ የትኛውን ትጠቁማላችሁ?

ሰላም ወገኖች። እኔ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። ዘንድሮ እማዬን ይዤ የኖርዌይን ባሕር ዳርቻ በመርከብ ማየት አስቤያለሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም። ጭፈራና ካዚኖ አያስፈልገንም። ቁጭ ብለን ተራራና ባሕር እያየን ቡናችንን መጠጣት ነው የምንፈልገው። የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ጠቁሙኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እንደዚያ ከሆነ ትልልቆቹን የክሩዝ መርከቦች እርሺያቸው። ከኪልና ከሃምቡርግ ሺህና ከዚያ በላይ ሰው ጭነው ነው የሚመጡት። ዋጋቸው ረከስ ሊል ይችላል፣ አልክድም። ግን ለመውረድም ሰልፍ፣ ለመብላትም ሰልፍ ነው።

ለእናትሽ የሚሆነው የድሮው የፖስታ መርከብ መስመር ነው። ሁርቲግሩተን ይሉታል፣ «ፈጣኑ መስመር» እንደማለት ነው። ሪቻርድ ዊት የሚባል ካፒቴን በፈረንጆቹ 1893 ቬስተሮለን በምትባል መርከብ ከትሮንዳይም ወደ ሐመርፌስት ጀመረው። ዛሬ ከበርገን ተነስቶ ሩሲያ ድንበር አጠገብ እስካለችው ኪርኬኔስ ድረስ 34 ወደቦች ላይ ይቆማል። ቱሪስት ብቻ አይደለም የሚጭነው። ሌሊት ብትነቂ ፎርክሊፍት ዕቃ ሲያወርድ፣ አንዷ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ስትሄድ ታያለሽ። እኔማ ከተራራው ይልቅ የወደድኩት ይህንን ነው።

ከ2021 ወዲህ መስመሩን ሁለት ኩባንያዎች ይጋሩታል። በመስመሩ ስም የሚጠራው ኩባንያ ሁርቲግሩተን 7 መርከብ አለው፣ ሃቪላ የሚባለው ደግሞ 4። የሚቆሙባቸው ወደቦች አንድ ናቸው፤ ስለዚህ የምትመርጪው መርከቡን እንጂ መንገዱን አይደለም። የሃቪላዎቹ አዲስ ናቸው። ትልልቅ ባትሪ ስላላቸው ሞተሩን አጥፍተው እስከ 4 ሰዓት መጓዝ ይችላሉ። ፊዮርድ ውስጥ፣ ማለትም በተራሮች መሐል በገባው ጠባብ ባሕር ላይ፣ ያ ጸጥታ ሌላ ነገር ነው! ምግቡን በትንንሽ ሳህን ጠረጴዛሽ ድረስ ያመጡልሻል፣ ቡፌ የለም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሁርቲግሩተን መርከቦች አብዛኞቹ የ1990ዎቹ ናቸው፣ የቆየ ቤት ስሜት አላቸው። ለራሴ ቢሆን ሁርቲግሩተንን እመርጥ ነበር። ለእናትሽ ግን ሃቪላ።

ሙሉው ደርሶ መልስ 12 ቀን ነው። ለእኔ በዛ። ከበርገን ኪርኬኔስ 6 ሌሊት ሂዱና በአውሮፕላን በኦስሎ በኩል ተመለሱ። ችግሩ፣ ሲሄድ በሌሊት የሚያልፋቸውን ቦታዎች ሲመለስ ነው በቀን የምታዪያቸው። እሱን መተው ነው። ኦሌሱንድን ግን እንዳታልፉ፤ በ1904 ተቃጥላ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት፣ ሕንጻዎቿ ያምራሉ። ሆኒንግስቮግ ወደብ ላይ ደግሞ አውቶቡስ ወደ ኖርድካፕ፣ በሰሜን ጫፍ ወዳለው ገደል ይወስዳል፤ እናትሽ ብዙ ሳትራመድ ታየዋለች።

ካቢን ስትይዙ ዝቅ ያለውንና መሐል ላይ ያለውን ያዙ። ሁስታድቪካ የሚባለው ቦታ ላይ ከለላ ደሴት የለም፣ ማዕበሉ በቀጥታ ይመጣል። እኔ እራቴን ትቼ ተኝቻለሁ፣ አጠገቤ የነበሩት ኖርዌጂያን አሮጊት ግን ሹራባቸውን ይሠሩ ነበር። የማጥወልወል ኪኒን ያዙ።

መቼ እንደምትሄዱ ስታስቡ ደግሞ፣ ጁን ላይ በሰሜን ያለችው ትሮምሶ ከተማ ፀሐይ አትጠልቅም። እማማ እንቅልፍ እምቢ እንዳይላቸው የዓይን መሸፈኛ ያዙላቸው። የሰሜን ብርሃን፣ ያ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን፣ ከፈለጋችሁ ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው፣ ግን ብርዱና ማዕበሉ ለእሳቸው አይመችም።

ሌላ መልስ፦
እኔ በርገን ነኝ፣ በዚህ አልስማማም። እናት ባሕር ለምዳ የማታውቅ ከሆነ በ6 ሌሊት ለምን ይጀመራል? መጀመሪያ ቅመሱት። ከኦስሎ በርገን በባቡር 7 ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። መሐል ላይ ሚርዳል ወርዳችሁ በትንሿ ባቡር ወደ ፍሎም፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ጀልባ ወደ ጉድቫንገን ሂዱ። ጀልባው 2 ሰዓት ነው፣ ማዕበልም የለውም። እንዲያው የፖስታ መርከቡን ካላየሁ ካልሽ ደግሞ ከቦዶ ወደብ እስከ ስቮልቬር ወደብ ብቻ ሂጂበት። 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ካቢንም አያስፈልግም።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬ «ሌሊት መርከብ ላይ ካላደርኩማ ምኑን ሄድኩት» ብላለች፣ ስለዚህ ሃቪላ ነው። ግን ትጾማለች። ዓሣም አትበላም። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦
ቦታ ስትይዙ አስቀድመሽ ተናገሪ። «ቬጀቴሪያን» እንዳትዪ፣ ቅቤና አይብ ይዘው ይመጣሉ። «ቪጋን» በዪ፣ ቁርስ ላይም ድገሚላቸው። እዚያ አገር ዓሣ እንደ አትክልት ነው የሚቆጠረው፣ ብትገረሙም አትቆጡ። ሚጥሚጣውን ግን ከቤት ያዙ።