የቃኘው ዘማቾች ኮሪያ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች ያሳድጉ ነበር?

የዘማች ልጅ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ። አያቴ የኮሪያ ዘማች ነበሩ፤ በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ወታደር ማለቴ ነው። ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸውን ስናጸዳ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ፍሬም ወድቆ ተሰበረና ከሥዕሉ ጀርባ አንድ ፎቶ ወጣ። አባባ ወጣት ናቸው፣ የወታደር ልብስ ለብሰው ተንበርክከዋል። በግራና በቀኛቸው ሁለት የኮሪያ ሕፃናት ቆመዋል። አንደኛው የወታደር ሹራብ ለብሷል፤ እጅጌው አራቴ ታጥፎለት እንኳ ጣቶቹ አይታዩም። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ «ዶንግዱቾን» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም።

አባባ ስለ ብርዱ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ሌሊት ቅኝቱ ያወሩልን ነበር። ስለ ልጆች ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። አሁን ሳነብ ዘማቾቹ እዚያ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር የሚል አገኘሁ። እውነት ነው? ወይስ ንጉሡ ያስከፈቱት ነው?

ኮሪያ ሰፈር ያደገ፦
እውነት ነው እህቴ። ቦህዋ ይባላል። በፈረንጅ 1953 ዶንግዱቾን ውስጥ የተከፈተ ነው፣ የከፈቱትም ወታደሮቹ ናቸው። ከደመወዛቸው እያዋጡ ነበር ልጆቹን የሚያበሉት። ዶንግዱቾን ከሴኡል በስተሰሜን ነው፣ ወደ ድንበሩ ቀረብ ይላል፤ ቃኘው የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ተኩስ ከቆመ በኋላ የሰፈረው በዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ የአያትሽ ጽሑፍ ልክ ይገጥማል።

በዚያን ጊዜ ኮሪያ ምን ትመስል እንደነበር አስቢው። ሴኡል ብቻዋን አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያይራለች። ሰው ሲሸሽ ልጅ ከእናቱ ይጠፋል፣ ቤት ይቃጠላል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ልጅ ያለ ወላጅ ቀረ። የጦር ሰፈር ባለበት ደግሞ ምግብ አለ፣ ልጆቹም ወደዚያው ይመጣሉ። አንድ ወታደር ቆርቆሮውን ይዞ የቆመን ሕፃን በየቀኑ እያየ እስከ መቼ ያልፈዋል?

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ የራሴ ሐሳብ ነው። በ1943 ዓ.ም. ሲዘምት 25 ዓመት የሆነው ወታደር ጣልያን ሲገባብን የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ በአርበኝነት የወደቀበት፣ መንደሩ የተቃጠለበት ስንቱ ነው! እነዚያን ልጆች ሲያይ ራሱን አይቷል ብዬ አምናለሁ።

ተማሪ ከሴኡል፦
ቹንቾን የሚገኘውን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሙዚየም ሄጄ አይቻለሁ። ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤታችን ሾጠጥ ብሎ የተሠራ ነው፣ ከሩቅ ሲታይ ሆድ ያባባል። ፊት ለፊቱ ያለው ሐውልት ንጉሡ በ1968 በፈረንጅ መጥተው የመረቁት ነው። እዚያው ወንዙ ዳር «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚሠራ።

እዚህ አገር ከየት ነህ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ካልኩ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። አንዴ ባቡር ውስጥ አንዲት አሮጊት ከቦርሳቸው መንደሪን አውጥተው ሰጡኝ፤ ቋንቋቸው ብዙም ስላልገባኝ አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ አያትሽ ፎቶውን ከሥዕሉ ጀርባ ለምን እንደደበቁት ልንገርሽ። ደርግ ከገባ በኋላ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት ያስፈራ ነበር። ኮሚኒስት ወግተሃል ይባላል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበር። ስንቱ ኒሻኑን ደበቀ፣ ስንቱ ፎቶውን ቀደደ፣ ስንቱስ በችግር አለቀ። አያትሽ አልቀደዱትም። ለእመቤታችን አደራ ሰጡት።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቃኘው ሲነሳ 253 ውጊያ፣ አንድም ምርኮኛ የለም እንላለን። ይባል፣ ደም የተከፈለበት ነው፣ ከመቶ ሃያ በላይ ወንድሞቻችን ወድቀዋል። ግን ለሰው አገር ልጅ ከደሞዝ ቆርሶ ማብላትም እኩል መነገር አለበት። ያውም ሚስትና ልጁን አገር ቤት ትቶ የሄደ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ይሄን ማን አስተማረን?

አሁንም በአገራችን ሰሜን በነበረው ጦርነት ስንት ልጅ ያለ አባት ቀረ? በዚያ ጦርነት የነበረ ወታደር ይሄን የሚያነብ ካለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ልጅ ቢይዝ እላለሁ።

የዘማች ልጅ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ ቦታ ሆኜ እያነበብኩ አለቀስኩ። አንድ ነገር ትዝ አለኝና ልጻፈው። ልጆች ሆነን ማታ ራት ሲቀርብ አባባ እያንዳንዳችንን ራሳችንን ነካ እያደረጉ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያሉ ይቆጥሩን ነበር። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንዱን «ሴት» አሉኝ ብሎ ያኮርፍ ነበር፤ እኛ እንስቃለን፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ትርጉሙን ጠይቀናቸው አናውቅም። ዛሬ ፈልጌ አየሁት። በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው።

ሁላችንም መቀመጣችንን ሳያረጋግጡ እንጀራውን አይቆርሱም ነበር።