የእናቴ የእግር ቁስል አራት ወር ሙሉ አልድን አለ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ከግራ ቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ቁስል ወጥቶባት አልዘጋ ብሏል። ፋሻውን እያራሰ ነው፤ ዙሪያው ጠቁሯል፤ ሲመሽ እግሯ ያብጣል። ስኳር የለባትም። አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ጨርሳለች፣ የካፕሱል ዱቄትም ነስንሰንበታል። ምን እናድርግ?

መልስ (ነርስ ነኝ)፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ዱቄቱን ዛሬውኑ ተዉት፤ አልኮልም እንዳታስነኩት። በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ የማይጣበቅ ጎዝ አድርጉበት። አገላለጽዎ የደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር፣ ችግር ይመስላል። ብዙ ዓመት ሲቆሙ የኖሩ ሰዎች ላይ በብዛት አያለሁ፤ በሥሩ ውስጥ ያሉት፣ ደሙ ቁልቁል እንዳይመለስ የሚዘጉት ቫልቮች ሲደክሙ ደሙ ወደ ልብ መመለሱን ትቶ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ቆዳውም በግፊቱ ይጎዳል። አንቲባዮቲክ ይህን አያስተካክልም፤ የሚያስፈልገው ቁስሉ ካመረቀዘ ብቻ ነው። ዋናው መድኃኒት ከጣቶች ሥር እስከ ጉልበት ሥር በባለሙያ የሚጠመጠም ጠበቅ ያለ ፋሻ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ ሳትመረመሩ እንዳትጠመጥሙ! አባቴ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ቁስሉ ጣቱ ላይ ነው፣ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ሕመሙ ሲብስበት ከአልጋው ቁልቁል ያንጠለጥለው ነበር። እብጠት ነው ብለን አጥብቀን አሰርነው፤ ጣቱ ጠቆረና ተቆረጠ። ለካ የተዘጋው ደም ቅዳው፣ ደም ከልብ ወደ እግር የሚያደርሰው ሥር፣ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ያጽናችሁ። የእናቴ እግር ግን ሙቅ ነው፤ ከፍ ሲልም ይሻላታል። ምርመራው ምንድን ነው?

መልስ (ነርሷ)፦ በጀርባዋ አስተኝተው የክንዷንና የቁርጭምጭሚቷን ደም ግፊት በዶፕለር (የደሙን ፍሰት በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ) ይለካሉ፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ከ0.8 እስከ 1.3 ከሆነ ጠበቅ ያለው ፋሻ ይፈቀድላታል። ከ0.5 በታች ከሆነ ግን በአስቸኳይ የደም ሥር ሐኪም ዘንድ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደም ሥራቸው ስለሚደድር ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህን የምጽፈው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ይህን ያህል የቆየ ቁስል በሕክምናው ካልተለወጠ፣ ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ናሙና ይወሰድለት። ትኩሳት ወይም የሚሰፋ መቅላት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

መልስ፦ እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ የኔ በፋሻው በአምስት ወር ዘጋ። ደስ ብሎኝ የሚያጠብቀውን ካልሲ ተውኩት፣ በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰ። አሁን ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አጠልቀዋለሁ። እናታችን ሲያርፉ እግራቸውን ትራስ ላይ፣ ከልባቸው ከፍ አድርገው ይጋደሙ፤ መራመዱንም አይተዉ።

ጠያቂ፦ ሰኞ ሆስፒታል እወስዳታለሁ። ምጣዱን ከአሁን በኋላ እኔና እህቴ እንይዛለን።