ለአያቴና ለኔ የኮቪድ የሞት ፐርሰንት አንድ ነው እንዴ?

ሜሮን_25፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው። እንደ ፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ላይ ኮቪድ 3.4 ፐርሰንት ይገድላል ሲባል ነበር፣ ቆይቶ ደግሞ የለም ከ1 ፐርሰንት በታች ነው ተባለ፣ አሁን ያየሁት ጽሁፍ ደግሞ 15 ይላል። የቱን ልያዝ? አያቴ 85 ሊሞላት ነው፣ እኔ 25 ነኝ፣ የምንኖረው አንድ ቤት ነው፣ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ምን ያህል ልጠነቀቅላት እንዳለብኝ በደንብ ገብቶኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዳግም_ዘ፦
ሜሪ ሦስቱም ቁጥር ከየት እንደመጣ ካወቅሽ አይጋጭም። 3.4 የሚለውን ዶ/ር ቴድሮስ ማርች 2020 ላይ ሲናገሩ እስከዛ ቀን ሪፖርት ከተደረጉት ኬዞች ስንቶቹ ሞቱ የሚለውን ነው ያሉት። ያኔ ደግሞ ምርመራ የሚደርሰው በአብዛኛው ጠንቶበት ሆስፒታል ለሄደ ሰው ነበር፣ ጉንፋን መስሎት ቤቱ የተኛው ወይ ጭራሽ ምንም ያልተሰማው ሰው አልተቆጠረም፣ የተያዙት ሲያንሱ የሟቾቹ ፐርሰንት ይገዝፋል ማለት ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት ተመራማሪዎች ከጤነኛውም ከታመመውም ሰው ደም እየወሰዱ አንቲቦዲ፣ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚሰራውን መከላከያ፣ ፈለጉ፣ በዛ ነው ስንት ሰው በትክክል እንደተያዘ የተገመተው፣ ከ1 በታች የሚለው አማካይም ከዛ ነው የመጣው።

ከዛ በእድሜ ሲከፋፈል ነው ጉዱ የሚታየው። 2020 መጨረሻ ላይ የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስቦ የወጣ ትንተና አለ፣ ክትባት ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው፣ ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች የመሞት እድሉ በ10 ዓመት ልጅ 0.002 ፐርሰንት፣ በ25 ዓመት 0.01፣ በ55 ላይ 0.4፣ በ65 ላይ 1.4፣ በ75 ላይ 4.6፣ በ85 ላይ 15። አንቺ ከ10 ሺህ 1፣ አያትሽ ከ100 አስራ አምስት። 1500 እጥፍ ነው! ከ55 በላይ ደግሞ በየ10 ዓመቱ ከ3 እጥፍ በላይ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አማካይ ብለው የሚነግሩሽ ቁጥር ላንቺም ለሷም አይሆንም፣ ወጣት የበዛበት አገር አማካዩ ይወርዳል፣ ሽማግሌ የበዛበት ይወጣል፣ ቫይረሱ ግን ያው ነው።

ሲስተር_ቤዛ፦
ዳግም በደንብ አስረድተሃል። ነርስ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ልጨምር። ሰው ሁሉ ስኳርና ደም ግፊት ስላለባቸው ነው ይላል፣ እነሱም ያባብሳሉ ግን ጤነኛ የሆነ የ80 ዓመት ሰውም ከወጣት በጣም ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ደረት ውስጥ ያለችው ታይመስ የምትባል እጢ ከልጅነት ጀምሮ እየሟሸሸች ስለምትሄድ አይቶት የማያውቀውን ጀርም የሚዋጋ አዲስ ሴል በእርጅና ላይ ያንሳል፣ አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወንድ ከሆነ ደግሞ በተመሳሳይ እድሜ ከሴት ወደ 2 እጥፍ የሚጠጋ ነው አደጋው።

ሜሮን ይሄን ግን ያዢ፣ አረጋውያን ላይ ሁሌ ትኩሳት አይታይም። ድንገት መቀባዠር፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መውደቅ፣ ዝም ብሎ መድከም ሊሆን ይችላል የመጀመሪያው ምልክት። እርጅና ነው ተብሎ ቀናት ያልፋሉ፣ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

አቤል_ታሪክ፦
ግን ቀጣዩም ወረርሽኝ እንደ ኮቪድ ሽማግሌ ይመርጣል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ህጻናትንና አዛውንትን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ያለውን ጉልበተኛ ነው የጨረሰው፣ አዛውንቶቹ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ አግኝቷቸው ስለነበር ሳይሆን አይቀርም ነው የሚባለው። በ2009 የአሳማ ጉንፋን በተባለውም ከሞቱት 80 ፐርሰንት የሚሆኑት ከ65 ዓመት በታች እንደነበሩ ተገምቷል፣ ከ1957 በፊት የተወለዱት የሚቀራረብ ቫይረስ ያውቁ ነበራ። ስለዚህ እድሜ ብቻውን አይደለም፣ ሰውነትሽ በልጅነቱ ከምን ጋር እንደተዋወቀም ነው።

ኪያ፦
እና በኮቪድ ወጣቱ ዝም ብሎ ቢኖር ምን ችግር ነበረው ታዲያ? ከ10 ሺህ 1 እኮ ነው

ዳግም_ዘ፦
ኪያ ከ10 ሺህ 1 ላንድ ሰው ትንሽ ነው፣ 20 ሚሊዮን ወጣት ቢያዝ ግን 2 ሺህ ቀብር ነው። ደግሞ ወጣቱ ለብቻው አይኖርም፣ ሜሮንን እያት፣ እሷ ምንም ሳይሰማት ይዛው ገብታ ለ85 ዓመት ሰው ልታደርሰው ትችላለች። የራስሽን ፐርሰንት ብቻ አይተሽ መወሰን አይቻልም።

ሜሮን_25፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሲስተር አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እኔ ጉንፋን ቢጤ ሲይዘኝ እሷ ክፍል ጭራሽ አልግባ ወይስ ማስክ ይበቃል?

ሲስተር_ቤዛ፦
የኔ እህት ሌላ የሚረዳት ሰው ካለ አትግቢ። ከሌለ ሁለታችሁም ማስክ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ቶሎ ጨርሰሽ ውጪ፣ እጅሽን ታጠቢ። ክትባቷን ደግሞ ቀኑን ጠብቀሽ አስወስጃት፣ ያ 15 ፐርሰንት ያልተከተበ ሰው ቁጥር ነው፣ በክትባት በጣም ይወርዳል።