የሰመር ኦርኬስትራ ምርጫ፦ በጆሮ ነው በትውውቅ?

የቪዮላው እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለ ባለ ገመድ መሣሪያ) ከያዘ ስድስት ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ለአንድ ስመ ጥር የሰመር ፌስቲቫል አመለከተ። ቪዲዮውን የቀዳነው ቤዝመንት ውስጥ፣ ስልኬን የበርበሬ ጣሳ ላይ አስደግፌ ነው። ሦስተኛው ሙከራ አምሮ ሳለ የልብስ ማድረቂያው ጮኸና አበላሸው። አምስተኛውን ላክን። ባለፈው ሳምንት ሁለት መስመር ኢሜይል መጣ፦ አልተቀበሉትም። እሺ፣ አልቻለም እንበል። በኋላ ስሰማ ግን ከእኛ ሰፈር ያለፉት ሦስቱም ልጆች፣ እዚያው ፌስቲቫል ላይ የሚያስተምር ሰው ዘንድ በግል የሚማሩ ናቸው። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ሰው የራሱን ተማሪ ሲዳኝ ጆሮው ይታመናል? ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ የቪዮላውን ሳጥን አልከፈተም።

ባለ ቫዮሊኑ
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ነው የገባሁት። ስጋትሽ የአንቺ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ሲቀጥሩ በዳኛውና በተጫዋቹ መሃል መጋረጃ የሚጋርዱት ይህንኑ ፈርተው ነው፤ የቦስተን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1952 ጀምሮታል። ኮቴው ወንድ ይሁን ሴት ያሳብቃል ተብሎ ጫማ ማስወለቅም ነበር። የልጆቹ ቪዲዮ ግን ፊትም ስምም ይዞ ነው የሚገባው።
ደግሞ የወንበር ነገር አለ። ኦርኬስትራ ሦስት አራት ፍሉት ይበቃዋል፣ ቪዮላ ግን አሥር ያህል ይፈልጋል። የፍሉት እናት ብትሆኚ ምን ልትዪ ነበር!
በሚቀጥለው ስትቀዱ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለምኚ። ስልኩንም ራቅ አድርጊው፤ ሲቀርብ ድምፁ ይሻክራል።

የቼሎው አባት
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዳኛ ጆሮ ሳይደርስ የቀረው ልጅስ? የማመልከቻ ክፍያ፣ አጃቢ ፒያኒስት፣ በየሳምንቱ የግል መምህር... ታንግልዉድ ሙዚቃ ማዕከል፣ የቦስተን ሲምፎኒ የሰመር ትምህርት ቤት፣ የመረጣቸውን ወጣቶች ትምህርትም ማደሪያም አያስከፍልም፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እዚያ ለመድረስ ስንት የሚከፈልበት ሰመር ያልፋል?
እህት ዓለም፣ የኒው ዮርኩ ካርኔጊ ሆል የሚያዘጋጀውን ኤንዋይኦ ቱ (NYO2) የሚባል የታዳጊዎች የሰመር ኦርኬስትራ እዪው። ከ2016 ጀምሮ ያለ፣ ከ14 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ፣ ትምህርቱ በነፃ። ዜግነት ከሌለው ግሪን ካርድ ይበቃል። የእሱ ታላቅ የሆነው የካርኔጊ ብሔራዊ የወጣቶች ኦርኬስትራ ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ልጅሽ ለዚያ ገና ነው።

የቪዮላው እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጋረጃው ለልጆቹም ቢጋረድ ደስ ባለኝ፤ የመምህር ስም የሚጻፍበት መስመር ቢሰረዝ እንኳ አንድ ነገር ነው።
የካርኔጊውን ስነግረው ስልኩን ሳይለቅ "ቪዮላ ስንት ይወስዳሉ?" አለኝ። ማታ ሳጥኑን ከፈተው። ኤ ገመዱ ተበጥሶ አገኘነው፤ ነገ ልገዛ ነው።