ታሞ የዳነ ሰው ለምን ይከተባል?

ሁለተኛው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮቪድ ካለፈ ስንት ጊዜው፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን በእሱ ጉዳይ አሁንም እንደተኳረፍን ነን። ሁለታችንም ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በተዛመተ ጊዜ ታመምን። እኔ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳሙና እንኳ አይሸተኝም ነበር። ሲሻለኝ ሄጄ ተከተብኩ። እሱ «ሰውነቴ ከበሽታው ራሱ ተምሯል፣ ደግሞ ምን ይጨመርልኛል?» ብሎ እምቢ አለ። በዚሁ ምክንያት ከሥራ ወጣ። ዛሬም «ልክ ነበርኩ» ይላል። ማነው ልክ?

ዝም አልልም፦
ወንድምህ! ተፈጥሮን የሚያህል ሐኪም የለም። ሌላው ንግድ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ኮቪድ ክፍል ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ወንድምህ ግማሹን ልክ ነው። ያኔ ይህን በግልጽ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ያናድደኛል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የእስራኤል ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ሳይታመሙ ሁለት ዶዝ ፋይዘር የወሰዱት ታመው ከዳኑት ይልቅ በዴልታ የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል እንደነበር አሳየ። በዚያው ወር ከአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት የወጣው ደግሞ፣ ታመው ያልተከተቡት ታመው ከተከተቡት ይልቅ ድጋሚ የመያዝ ዕድላቸው 2.34 እጥፍ ነው አለ። ሰው አንዱን አንዱን እየመዘዘ ተሰዳደበበት። ጥናቶቹ ግን አይጣሉም። የመጀመሪያው የታመመን ከተከተበ ጋር አወዳደረ፤ ሁለተኛው የዳነ ሰው ሲከተብ ምን ያተርፋል ብሎ ጠየቀ። የእስራኤሉም ቢሆን ከሕመሙ በኋላ አንድ ዶዝ የጨመሩት የተሻለ ተጠብቀዋል ይላል፤ ያቺን መስመር የሚያነብ ጠፋ እንጂ።

ልክ ያልሆነው ግማሽ ቆጠራው ላይ ነው። «ታመው የዳኑ» ስትል የሞቱትን ቀድመህ አውጥተሃቸዋል። አንድ ጎልማሳ ትዝ ይለኛል። ሲገባ ጣቱ ላይ የሰካሁት የኦክስጅን መለኪያ 78 ብቻ ይላል፤ እሱ ግን ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ «ይህን ካለፍኩ ክትባት አያስፈልገኝም አይደል ሲስተር?» አለኝ፣ እየሳቀ። «መልሰው ይልበሱት» አልኩት፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። በአምስተኛው ቀን ትራሱ ሥር ስልኩ ሲጠራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱ በየትኛውም ጥናት ውስጥ «የዳነ» ተብሎ አይቆጠርም።

የብራዚሏን ማናውስንም አስቡ። እስከ ኦክቶበር 2020 ከሕዝቧ ሦስት አራተኛው ያህል ተይዟል ተብሎ ተገምቶ ነበር። እዚያስ አበቃ ሲባል፣ በጃንዋሪ 2021 ሆስፒታሎቿ ኦክስጅን አለቀባቸው።

ዝም አልልም፦
ታዲያ የዳነውን ለምን እንደ ተከተበ አልቆጠሩትም? መልሺልኝ።

የሌሊት ተረኛ፦
የቆጠሩ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ ይሰጥ በነበረው የኮቪድ ሰርተፊኬት፣ መያዙ በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ለ180 ቀን ያልፍበት ነበር። ያልቆጠሩት ብዙ ናቸው፤ እኔ ስህተት ነበር እላለሁ። ምክንያት አላጡም፦ ሳይመረመር ታሞ የዳነው ብዙ ነው፣ ሰውነት የሚያመርተው በሽታ ተከላካይ አንቲቦዲም ከሰው ሰው ይለያያል፣ «ሆን ብዬ ልያዝ» የሚል እንዳይበዛም ተፈርቷል። ይህንኑ ለሕዝቡ መንገር ምን ነበረበት?

«ተፈጥሮ» ላልከው ግን፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከተብ አለበት። መርዙ ትንሹ ስለሚገድል ሰውነት ሊማርበት የሚበቃ አያገኝም። ኩፍኝ በበኩሉ ራሱ ተመልሶ አይዝህም፣ ነገር ግን ሰውነትህ ስለ ሌሎች በሽታዎች ከያዘው ትውስታ ከፊሉን ሊሰርዝ ይችላል። ኮቪድን ካነሳን ደግሞ፣ በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ የታመመውንም የተከተበውንም አዳረሰው። እኔ ራሴ ሦስት ዶዝ ወስጄ ተይዣለሁ፤ አራት ቀን አሳለኝና ለቀቀኝ።

ሁለተኛው ልጅ፦
ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ለወንድሜ ላክሁለት። አንብቦ «ያው እኔ ያልኩት ነው» አለ። እኔም «ያው እኔ ያልኩት ነው» አልኩት። እናታችን 74 ዓመቷ ነው፤ እሷ መከተብ እንዳለባት ግን አልተከራከርንም። አሁን የምንከራከረው ማን ይውሰዳት በሚለው ነው።