አርጎ ዳታ፦ 1,800 ሜትር ላይ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

ማራኪ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የአየር ንብረት ለውጥ በጥልቅ ባሕር ሥነ ምህዳር ላይ ያለውን ጫና እዚሁ ጎንደር ሆኖ፣ መርከብ ሳይኖር፣ በነፃ ዳታ ብቻ ለመገምገም የማስተርስ ፕሮፖዛል እየተጻፈ ነው። የአንድ አርጎ ተንሳፋፊ (ባሕር ውስጥ እየጠለቀና እየወጣ ሙቀትና ጨው የሚለካ መሣሪያ) ፋይሎችን ከዓረብ ባሕር አውርጄ ስስላቸው 1,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ጨዋማነቱ በሁለት ዓመት በ0.05 ከፍ ብሏል፤ ሙቀቱ ግን ያው ነው። ለማስረጃ ይሆናል? ካልሆነስ በምን ልጀምር? ኔትዎርኩን ታውቁታላችሁ፣ ከባድ ፋይል አይታሰብም።

አዘዞ
አይሆንም፣ ወንድሜ። ያ ጥልቀት ላይ ያለ ውኃ በሁለት ዓመት ይህን ያህል አይቀየርም። ሙቀቱ ሳይነቃነቅ ጨው ብቻውን ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው፤ ጨዋማነት የሚሰላበትን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካው ክፍል ከጊዜ ብዛት ይዛባል።
የፋይሉን ስም እይ። በ«አር» የሚጀምረው እንደመጣ የተለቀቀ፣ በ«ዲ» የሚጀምረው ባለሙያ ያረመው ነው። «ዲ»ውን ውሰድ፤ ከውስጡም «የተስተካከለ» የሚለውን ዓምድ ብቻ፣ የጥራት ምልክቱ 1 የሆነውን። እርማቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ የቅርቡ ላይኖር ይችላል። የጨዋማነት ትክክለኛነት ዒላማው 0.01 ነው፤ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ላይ ምንም አትገንባ።
ከዚያ ጨዋማነቱን ከጥልቀት ጋር ሳይሆን ከፖቴንሻል ሙቀት (የግፊት ውጤት ከተቀነሰለት ሙቀት) ጋር ሳለው። መሣሪያው በየ10 ቀኑ ያመጣቸው መስመሮች ጥልቁ ጋ መደራረብ አለባቸው። ቅርጻቸው ሳይለወጥ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተቱ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። የሙቀትና የጨው ፋይሎች ትናንሽ ናቸው፤ የአንዱን ተንሳፋፊ ብቻ ብታወርድ ኔትዎርክ አያስቸግርህም።

ፒያሳ
ጣና እያለልህ ዓረብ ባሕር ድረስ ምን አስኬደህ?

አዘዞ
ጣና ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል። ለጥልቅ ባሕር ምትክ አይሆንም።

ቀሃ
በጨው ላይ ብዙ አትቆይ። ጥልቁ ውስጥ ያለን እንስሳ የሚነኩት ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ አሲድነትና ከላይ የሚወርድለት ምግብ ናቸው። ዓረብ ባሕር ከሆነ ኦክስጅኑን ያዝ፤ ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ገደማ በተፈጥሮው ኦክስጅን የነጠፈበት ንብርብር አለ። አማካዩን ትተህ፣ ለምሳሌ 20 ማይክሮሞል በኪሎግራም የሚያልፍበት ጥልቀት በየዓመቱ የት እንዳለ ተከታተል። የኦክስጅን ሴንሰር ያላቸው ተንሳፋፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ሴንሰሩም ባሕር ሳይገባ መጋዘን ውስጥ እያለ ዝቅ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል። ስለዚህ ያልታረመ ኦክስጅን አትንካ። የቆዩ የመርከብ ልኬቶች በሚሊሊትር በሊትር ከሆኑ በ44.66 አባዛ፣ ከዚያ ወደ ኪሎግራም ለማምጣት በ1.025 ገደማ አካፍል።
ምግቡን በማርቲን ቀመር (ከላይ የሚሰምጠው ካርቦን ከጥልቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሰላ) ገምት፦ አርቢው 0.858 ሲሆን ከ100 ሜትር ከተነሳው ካርቦን 1,000 ሜትር የሚደርሰው 14 በመቶ፣ 4,000 የሚደርሰው 4 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅን በነጠፈበት ውኃ ብስባሴው ስለሚዘገይ ብዙ ያልፋል፤ አንድ አርቢ ይዘህ አትሂድ፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ስጠው።
ዝርያዎቹን ከኦቢስ (የባሕር ዝርያዎች የት እንደተገኙ ከሚመዘግበው ነፃ የመረጃ ቋት) ታገኛለህ። ካርታው ላይ ነጥብ ያጣህበት ቦታ ሁሉ አብዛኛው ጥናት ያልደረሰበት ነው፣ እንደ መጥፋት እንዳትቆጥረው።
የሲኤምአይፒ6 (የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ) ትንበያ ልትጨምር ካሰብክ፣ የሞዴሎቹ ጥልቅ ውኃ ገና ስላልረጋ ያለ ምንም የአየር ንብረት ለውጥም ይንሸራተታል። ከቅድመ ኢንዱስትሪው ሩጫ (ሞዴሉ ያለ ሰው ሠራሽ ለውጥ ከሚሠራበት) ላይ የዚያኑ ሞዴል ዝንባሌ አስልተህ ቀንስ፣ ቀሪው ነው ያንተ ምልክት።